የአዋሽ ጨው በጀሪካን ሲለካ

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢሟሟ ጠጪው ልብ ላይለው ይችላል። 6 ግራም ገደማ ነው፤ በሊትር ሲሰላ 300 ሚሊ ግራም። ይህንኑ ውሃ ለመስኖ ባለሙያ ቢያሳዩት «ጥሩ ውሃ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ይህን ጀሪካን ይዘን ወደ መካከለኛው አዋሽ፣ ወደ አሚባራ፣ ወደ መልካ ወረርና መልካ ሰዲ እንውረድ። እዚያ በዓመት የሚዘንበው ከ600 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ደግሞ ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ። ሰማዩ ከሰጠው ከአራት እጥፍ በላይ መልሶ ይጠይቃል። ጥጥ ማብቀል የፈለገ ሰው ጉድለቱን ከወንዙ ይሞላል።

ለስሌት እንዲመች፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ አጠጣን እንበል፤ ማሳው ላይ ቢቆም ቁመቱ 1 ሜትር የሚሆን ውሃ ነው። በጀሪካን 500,000 ይሆናል። አንድ ሰው ሌሊትና ቀን ሳያርፍ በየደቂቃው አንድ ጀሪካን ቢደፋ ሥራውን የሚጨርሰው በ348ኛው ቀን ነው። ውሃው በጥጡ ቅጠልና በአፈሩ ገጽ በኩል ወደ ሰማይ ይተናል። የማንኪያው ጨው አይተንም። 500,000 ማንኪያ 3,000 ኪሎ ነው፤ 30 ኩንታል ጨው፣ በአንድ ሄክታር፣ በአንድ ዓመት። ጥሩ የያዘ ማሳ ከሚሰጠው ጥጥ የማይተናነስ ማለት ነው። ዜሮ አሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ ያው ነው። በ20 ዓመት 600 ኩንታል ይደርሳል፤ አንድ ሰው አጎዛ አንጥፎ በሚቀመጥባት በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ 6 ኪሎ።

ደጋ ላይ ቢሆን ክረምቱ ራሱ ያጥበው ነበር። ዝናቡ ጨውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ምንጩ ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ ባሕር ይወስደዋል። አዋሽ ግን ባሕር አያውቅም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ስለ ዓባይና ስለሚዞረው ግንድ ብዙ ተብሏል፤ ማደሪያ የሌለው ሸክም የተሸከመ ወንዝ ከተፈለገ ግን እኔ አዋሽን እጠራለሁ። ከደጋው ያጠበውን ጨው ሁሉ ይዞ የሚወርደው ወደ ተዘጋ ቤት ነው። በመንገዱ ላይ ያገኘው ሜዳ ሁሉ ድርሻውን ያስቀራል።

ይህም ቢሆን የማሳው እጣ በጀሪካኑ ጨው ብቻ አይወሰንም ነበር። የከፋው የመጣው ከታች ነው። በሸለቆው ሰፊ መስኖ ከመጀመሩ በፊት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ10 ሜትር በላይ ጠልቆ ነበር። ቦዩ ተቆፈረ፣ ማሳው ተደለደለ፣ ውሃው ተለቀቀ፤ ትርፉን የሚያስወጣ ማጠንፈፊያ ግን አብሮ አልተሠራም። ሸክላው ሜዳ እንደ ገንዳ ሞላ። በአሥር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በብዙ ማሳዎች ስር ውሃው ከ2 ሜትር ወዳነሰ ጥልቀት ወጣ።

ኩራዝ ያበራ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። ክሩ ጋዙን ማንም ሳይገፋው ወደ ላይ ይስባል፤ ከላይ እሳት እስካለ ድረስ አያቋርጥም። ሸክላ አፈርም ክር ነው፤ እሳቱ የአፋር ፀሐይ ነው። ከታች የተጠራቀመው ውሃ በሊትር 3 ግራም ጨው ቢይዝና በቀን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ላይ ቢሳብ፣ በአንድ ሄክታር ላይ በየቀኑ 30 ኪሎ ጨው ይተዋል። በዓመት 109 ኩንታል። ማሳው ጾሙን ቢያድር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ባይጠጣ እንኳ፣ ክሩ ሥራውን አያቆምም። በመልካ ሰዲ ሙዝ የነበረባቸው ማሳዎች የተተዉት እንዲህ ነው፤ ሙዝ ጨው ከማይችሉት ተክሎች አንዱ ነው።

የጨውን ልክ ለማወቅ ባለሙያዎች ከአፈሩ ጭማቂ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፤ ጨው በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል። መለኪያው ዴሲ ሲመንስ በሜትር ይባላል። ቦሎቄ 1 ላይ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፣ ሽንኩርት 1.2 ላይ፣ በቆሎ 1.7 ላይ። ጥጥ እስከ 7.7 ይታገሣል። 10 በደረሰ አፈር ውስጥ ያለው ጨው ውሃውን በ3.6 ከባቢ አየር ያህል ኃይል ወደ ራሱ ይይዘዋል፤ ይህ ውሃን ወደ 12ኛ ፎቅ ለማውጣት የሚያስፈልገው ግፊት ነው። ሥሩ ከዚያ በላይ መሳብ ካልቻለ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይደርቃል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ነጩ አፈር ነው፤ ገጹ አመዳይ የወረደበት ስለሚመስለው። ነጩ አፈር ቢያንስ ይታጠባል። የሚያስፈራኝ ጥቁሩ ነው።

የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ሶዲየም ይበዛበታል፤ ውሃውም ሶዳ ይዞ ይወጣል። የአብያታ ሐይቅ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተተከለበት ለዚህ ነው። መተሃራ አጠገብ፣ ከፈንታሌ ተራራ ስር፣ በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ውሃው ሶዳ ነው። ሶዳ ያለበት ውሃ ሲተን መጀመሪያ የሚረጋው ካልሲየሙ ነው፤ ኖራ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቋጠራል። ሶዲየሙ ብቻውን ይቀራል፤ ወደ ሸክላው ገጽ ሄዶ የካልሲየምን ቦታ ይወርሳል።

የሸክላው «ገጽ» ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ቁጥሩ ትንፋሽ የሚያሳጥረው። እንደ ዋልካ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ሸክላ፣ ገጹ ሁሉ ቢዘረጋ፣ 1 ግራሙ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 9 ግራም የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር 3,900 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ግማሹ እንዲህ ያለ ሸክላ ቢሆን የተደበቀው ገጽ ተዘርግቶ 1.56 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ናት። በአንድ ሄክታር አፈር ውስጥ ከአገሪቱ የሚሰፋ ገጽ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ሶዲየሙ የተለጠፈው እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ የጨዋማነት ላቦራቶሪ ያወጣው መመሪያ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ድንበር አሰመረ፦ በሸክላው ላይ ከተያዘው ቦታ ከ100 እጅ 15ቱን ሶዲየም ከያዘው አፈሩ ታሟል፤ ኮምጣጣነት ሲያንስ ከፍ የሚለው መለኪያ፣ ፒኤቹም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 በላይ ነው። ልብ በሉ፤ 85 እጁ ገና የካልሲየምና የሌሎቹ ነው። ካልሲየም ሁለት እጅ አለው ብንል ሶዲየም አንድ እጅ፣ ያውም ውሃ ተከናንቦ የወፈረ ነው፤ ቅጠል በቅጠል የተደራረበውን ሸክላ አቅፎ መያዝ አይችልም። ቅንጣቶቹ ይፈታሉ።

ይህን በብርጭቆ ማየት ይቻላል። የዝናብ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጤነኛ የአፈር ጓል ቢጥሉ ይፈራርስና ታች ይቀመጣል፤ ውሃው ይጠራል። ከሶዳማው ማሳ የመጣው ጓል ግን መጀመሪያ ዙሪያውን ስስ ደመና ይለብሳል። ደመናው ይሰፋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርጭቆው በሙሉ ማኪያቶ መስሏል። ነገም ማኪያቶ ነው። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነች የሸክላ ቅንጣት 10 ሳንቲ ሜትር ለመስጠም 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፤ ከእሷ በአሥር እጅ የምታንሰው 100 እጥፍ፣ ማለትም 33 ቀን።

ማሳው ላይ ይኸው ማኪያቶ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ይደፍናቸዋል። ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሲደርቅ አፈሩ እንደ ሸክላ ድስት ይጠነክራል። የሟሟው ብስባሽ ከውሃው ጋር ወጥቶ ገጹን ያጠቁረዋል። ነጩ አፈር ሲጠማ ያጠጡታል፤ ጥቁሩ ቢያጠጡትም አይጠጣም።

በዚህ ላይ ፒኤቹ አለ። አንድ እርከን በጨመረ ቁጥር በውሃው ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው የብረት አዮን (Fe³⁺) 1,000 ጊዜ ያንሳል። ከ6.5 ወደ 8.5 ሲወጣ ሚሊዮን ጊዜ። አፈሩ በብረት ተሞልቶ ሳለ ተክሉ ብረት አጥቶ ይገረጣል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በደጋው አፈር ኮመጠጠ ተብሎ የሚበተነው ኖራ እዚህ አይሠራም፤ ኖራው ቀድሞም አለ፣ ግን አይሟሟም። የሚሠራው ግንበኛው ጀሶ የሚለው ጂፕሰም ነው፤ የዓባይ በረሃ ገደል ሞልቶታል። የደፈረሰው ብርጭቆ ውስጥ ቁንጥር የተፈጨ ጂፕሰም ጨምሮ ማማሰል ነው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ውስጥ ቅንጥብጣቢ ይታያል፤ ከዚያ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለይ ሸክላው ተሰብስቦ ይወርዳል። ሲያድር ብርጭቆው ማዶ ያለውን ሰው ፊት ያሳያል። ካልሲየሙ ቦታውን መልሶ ይዟል።

አሁን ብርጭቆውን ወደ ሄክታር እንለውጠው። የሶዲየሙን ድርሻ ከ100 እጅ 30 ወደ 10 ማውረድ ፈለግን እንበል፤ ብዙ በሚይዝ ሸክላ ይህ ከ1,000 ኪሎ አፈር 2.3 ኪሎ ሶዲየም ማውጣት ነው። ማሳውን የገደለው ያችው ናት። እሷን ለማስለቀቅ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 336 ኩንታል ጂፕሰም ያስፈልጋል። ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና 400 ኩንታል ገደማ ይጭናል፤ ለእያንዳንዱ ሄክታር አንድ መኪና ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ማለት ነው። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚያሟሟው ጂፕሰም 2.4 ግራም ብቻ ነው፤ ሁሉን ለማሟሟት 14 ሚሊዮን ሊትር ውሃ፣ 700,000 ጀሪካን ይጠይቃል። አፈሩ የተደፈነ ስለሆነ በቀን 2 ሚሊ ሜትር ቢያሰርግ ያ ውሃ ለመግባት 700 ቀን ይፈጃል። በርግጥ ጂፕሰሙ ሲሠራ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ የሚታጠበው ሶዲየምም ሟሟቱን ያግዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ትዕግሥት የሚፈትኑ ናቸው።

በኢትዮጵያ ጨውና ሶዳ ስለነካው መሬት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 11 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ የአገሪቱ አንድ አሥረኛ። ከዚህ አብዛኛው ከጥንትም በረሃ የነበረ ነው። በአዋሽ ዳር የተበላሸው ግን የአፋር ከብት በበጋ ሳር የሚያገኝበት ዳርቻ ነበር። ለጥጥ ተብሎ ተወሰደ፤ ጥጡ ሲከዳ ለከብቱ ሳር ሆኖ አልተመለሰም፤ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾህ ወረሰው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ጨው ገንዘብ ሆኖ በአሞሌ ሲቆጠርበት የኖረ ሕዝብ በጨው መሬቱን ማጣቱ።

ጂፕሰሙ ቢመጣ፣ ውሃው ቢገኝ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ካልተቀበረ የታጠበው ተመልሶ በኩራዙ ክር ይወጣል። ቱቦው ከተቀበረ ደግሞ የሚወጣው ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ከላይ ያሰላነው አንድ ሄክታር ሲታጠብ 277 ኩንታል ሶዲየም ሰልፌት ያወጣል። ሜዳው ከሁሉም ወደሚያዘቀዝቅበት፣ ወደ አዋሽ ይገባል። ከዚያ በታች ገዋኔ አለ፣ ዱብቲ አለ፣ አሳይታ አለ፤ ወንዙ ዳር ወርደው ባለ 20 ሊትር ጀሪካናቸውን የሚሞሉ እናቶች አሉ።