ቦታውን የሞላ ሁሉ ሥራውን ይሞላልን?
የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ አመራረጥና ፊዚክስ

ከአዳማ ተነስተን በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርገን እስከ ሻሸመኔ ስንጓዝ በየከተማው የቴሌቪዥንና የሪሲቨር ጥገና ቤቶች እናገኛለን። በየጥጉ የተከመሩት አሮጌ ቦርዶች የባለሙያው መጋዘን ናቸው፤ ለተቃጠለው ዕቃ ምትክ ከገበያ ሲጠፋ ከእነዚሁ ይነቀላል። ይህ ብልሃት ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ይሁን እንጂ ቦታውን የሞላ ዕቃ ሁሉ ሥራውን አይሞላም። በዕቃው ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የትኛው እኩል መሆን እንዳለበት፣ የትኛው ቢበልጥ እንደማይጎዳ፣ የትኛውስ ቢበልጥ አደጋ እንደሚያስከትል መለየት ያስፈልጋል።

ከቮልቴጅ እንጀምር። በሪሲቨር የኃይል ክፍል ውስጥ ከዳዮዶቹ ቀጥሎ የሚገኘው ትልቅ ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ «400 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለበት። በእጃችን ያለው የ250 ቮልት ቢሆን፣ «የሀገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ይበቃዋል» ብለን ልንታለል እንችላለን። ነገር ግን 220 የተለዋዋጩ ፍሰት ውጤታማ ዋጋ እንጂ ጫፉ አይደለም። ጫፉን ለማግኘት 220ን በ1.414 እናባዛለን፤ ውጤቱም 311 ቮልት ነው። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከዚህ ጫፍ ድረስ ነው። መስመሩ ወደ 240 ከፍ ቢል ጫፉ 339 ይደርሳል። የ250 ቮልቱ ካፓሲተር በዚህ ጊዜ ይግላል፣ ያብጣል፣ በባለሙያው ፊት ሊፈነዳም ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በካፓሲተሮች ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጽፎ እናያለን። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት መሠረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል። ሁለቱም ዓይነቶች በተጻፈባቸው ሙቀት 2000 ሰዓት የሚያገለግሉ ናቸው እንበል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀት 65 ዲግሪ ቢሆን ባለ 85ቱ 8000 ሰዓት፣ ባለ 105ቱ ግን 32000 ሰዓት ያገለግላል። ቀንና ሌሊት ሳይነቀል ለሚሠራ መሣሪያ የመጀመሪያው አሥራ አንድ ወር ገደማ፣ ሁለተኛው ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። እንደ መተሐራ ባለ ቆላ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይሰማል። በአዳማ ደግሞ ከፍታው 1700 ሜትር ያህል በመሆኑ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ስስ ነው፤ ስስ አየርም ሙቀትን የማንሳት አቅሙ ያነሰ ነው።

እንግዲህ የቮልቴጅና የሙቀት ቁጥሮች የመቻል ወሰን ናቸው፤ ዕቃው በቦታው እስከገባ ድረስ ከነባሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለባቸው። የሬዚስተር ኦምና የካፓሲተር ማይክሮፋራድ ግን የሰርኪዩቱን ጠባይ የሚወስኑ ስለሆኑ በተቻለ መጠን እኩል ይሁኑ። በቁጥር የማይገለጽ ነገርም አለ። ቢሲ 547 እና ሲ 1815 የተባሉት ትራንዚስተሮች በመልክና በብዙ ጠባያቸው ይቀራረባሉ። ሆኖም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ እኛ አዙረን ከግራ ወደ ቀኝ ስናነብ የመጀመሪያው እግሮች ኮሌክተር፣ ቤዝና ኤሚተር ሲሆኑ የሁለተኛው ኤሚተር፣ ኮሌክተርና ቤዝ ናቸው። እግሮቹን ሳያስተካክል የተካ ሰው ጤነኛውን ትራንዚስተር ብልሹ ነው ብሎ ይጥለዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሰጋው ፊውዝ ነው። እዚህ ላይ «የበለጠ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ቤት ያቃጥላል። የ2 አምፒር ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል የ6 አምፒር ብንተካ፣ ይባስ ብሎም በሽቦ ብናገናኘው፣ መሣሪያው ለጊዜው ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍሰቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ፊውዙ በመቅለጥ ፈንታ የሚቀልጠው የመሣሪያው ሽቦ ነው። የፊውዙ ደጋግሞ መቃጠል ሌላ ብልሽት መኖሩን የሚነግረን ምልክት ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን ከማፈን ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ይህን አንብበው መሣሪያ ለመክፈት ለሚነሣሡ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ያን 311 ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ እጅ አያስገቡ። የተነቀለውን ዕቃም ከመጣል በፊት ጽሑፉን ያንብቡ፤ ምን ዓይነት ምትክ እንደሚፈልግ የሚነግረን እርሱ ነውና።