ሬክ ወይስ ትራቭል? አሜሪካ ውስጥ ታናሻችሁን ኳስ ከማስመዝገባችሁ በፊት ይህንን አንብቡ

አሜሪካ ያደጋችሁ ልጆች ይህቺን ነገር በደንብ ታውቋታላችሁ። ከሰፈሩ የኳስ ክለብ ኢሜይል ይመጣል፤ እናት ስልኳን ትሰጣችሁና «እስኪ ምን እንደሚል አንብቡልኝ» ትላለች። ታናሽ ወንድማችሁ ኳስ ካልተጫወትኩ ብሎ ቤቱን አምሷል። ኢሜይሉ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ «ሪክሪኤሽናል» እና «ኮምፔቲቲቭ»። አንዱ መቶ ምናምን ዶላር ነው፣ ሌላው ሁለት ሺህ ምናምን። እናት «ርካሹ መጥፎ ነው ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

አይደለም። ግን ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሬክ ማለት ምን ማለት ነው?

ሬክ ለሁሉም ክፍት ነው። ፈተና የለም፤ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ቡድን ይመደብለታል። አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቹ የአንዱ አባት ወይም እናት ነው፣ በበጎ ፈቃድ በነጻ የሚሠራ። ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ጨዋታው ቅዳሜ እዚያው ሰፈር ነው። ምዝገባው ብዙ ቦታ ለፎል ለብቻ፣ ለስፕሪንግ ለብቻ ስለሆነ ልጁ ካልወደደው ሲዝኑን ጨርሶ መተው ይችላል።

ይህ አሠራር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1964 ካሊፎርኒያ ቶራንስ ውስጥ የተመሠረተው ኤዋይኤስኦ የሚባለው ድርጅት ከመመሪያዎቹ አንዱ «ሁሉም ይጫወታል» የሚል ነው። ቡድኑ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ፣ ጎበዝም ሆነ ጀማሪ፣ ከጨዋታው ቢያንስ ግማሹን ሜዳ ላይ መሆን አለበት። ጎበዞቹ ሁሉ አንድ ቡድን ውስጥ እንዳይሰበሰቡም ቡድኖቹን አመጣጥኖ ይደለድላል።

ኮምፔቲቲቭስ?

ትራቭል፣ ሴሌክት፣ ክለብ... ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ትራይአውት አለ፣ ብዙ ቦታ ሜይ እና ጁን ላይ። አሰልጣኞች አይተው ይመርጣሉ። የተመረጠው ልጅ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሙሉ ዓመት ይፈርማል። ልምምድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጨዋታ አለ፣ አንዳንዴም ረጅም መንገድ የሚያስነዳ። ቶርናመንት ሲመጣ ሆቴል ማደር አለ። አሰልጣኙ ደሞዝ የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜም ላይሰንስ ያለው ሰው ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ብሩም መንገዱም አይደለም። ልዩነቱ ልጁ ሜዳ ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ነው። ሬክ ላይ መጫወት መብት ነው። ኮምፔቲቲቭ ላይ ደቂቃ የሚገኘው በብቃት ነው፤ በተለይ ዕድሜ ከፍ ሲል። ሁለት ሺህ ዶላር ተከፍሎለት ጨዋታውን በአብዛኛው ቤንች ላይ ሆኖ የሚያይ ልጅ አለ። ይህንን ሳያውቁ የሚፈርሙ ወላጆች ደግሞ ብዙ ናቸው።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር ስም ነው። በሀገር ደረጃ የሚታወቁ ትልልቅ ሊጎች በእርግጥ አሉ፤ በ2009 በሴቶች ተጀምሮ በ2017 ወንዶችን የጨመረው ኢሲኤንኤል እና በ2020 የተጀመረው ኤምኤልኤስ ኔክስት ተጠቃሽ ናቸው። ግን «ኤሊት»፣ «ፕሪሚየር»፣ «አካዳሚ» የሚሉትን ቃላት ማንኛውም ክለብ ቡድኑ ላይ መለጠፍ ይችላል። ስሙን ተዉትና ቡድኑ የትኛው ሊግ ላይ፣ የትኛው ዲቪዚዮን ላይ እንደሚጫወት ጠይቁ።

ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ?

ብዙ ሰው «ስግብግብነት ነው» ይላል። ነገሩ ከዚያ ሰፋ ይላል። በፊፋ ደንብ አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ከሀገር ሀገር ሲሸጥ፣ ከዝውውሩ ሂሳብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ያለ ትንሽ ክለብ ዛሬ ያሰለጠነው ልጅ ነገ ገንዘብ ሊያመጣለት ይችላል። የአሜሪካ የሰፈር ክለቦች ግን ለረጅም ዓመታት ይህንን ገንዘብ አያገኙም ነበር። የአሰልጣኝ ደሞዝ፣ የሜዳ ኪራይ፣ የዳኛ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ የሊግ ምዝገባ ሁሉ የሚሸፈነው በዋናነት ከወላጅ ኪስ ነው። ወላጅ ደንበኛ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ደግሞ እኛን ጠበቅ አድርጎ ይነካናል። አባት ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይነዳል፣ እናት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ብሩ ቢገኝ እንኳ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጁን ሜዳ ማን ያደርሰዋል? መኪና ያላችሁ ታላላቆች መልሱን ታውቁታላችሁ፤ እናንተ!

«ትንሽ ሆኖ ካልጀመረ አለፈው» እውነት ነው?

የ7 ዓመት ልጅ ትራቭል ካልገባ ዕድሉ አመለጠው የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለትንንሽ ልጆች ያወጣው የጨዋታ ደረጃ ሬክም ሆነ ትራቭል ተመሳሳይ ነው። እስከ 8 ዓመት 4 ለ 4 ያለ በረኛ፣ 9 እና 10 ዓመት 7 ለ 7፣ 11 እና 12 ዓመት 9 ለ 9፣ ከ13 ጀምሮ 11 ለ 11። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሜዳው ሲጠብና ሰው ሲቀንስ ልጁ ኳስ ብዙ ጊዜ ይነካል። ቴስታም አለ፤ ፌዴሬሽኑ በ2015 ባወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በቴስታ አይመቱም። ከ11 እስከ 13 ያሉት ደግሞ በልምምድ ላይ በቴስታ የሚመቱት ተገድቧል።

ትራይአውት በየዓመቱ አለ። ዘንድሮ ሬክ የተጫወተ ልጅ ከርሞ መሞከር ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከ2026-27 ሲዝን ጀምሮ ብዙ ሊጎች የዕድሜ ምድቡን ከጃንዋሪ ወደ ኦገስት 1 ይቀይራሉ። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር የተወለደ ልጅ ምድቡ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ስትመዘግቡ የክለቡን ሰንጠረዥ እዩ።

ሕልሙስ?

ጌዲዮን ዘላለምን ታስታውሱታላችሁ? ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በርሊን ተወልዶ በ2006 ሜሪላንድ መጣ። ኦልኒ ሬንጀርስ በሚባል የአካባቢ ቡድን ሲጫወት የአርሰናል መልማዮች አዩት። ጃንዋሪ 2014 ላይ፣ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ ኮቨንትሪ ላይ በኤፍኤ ካፕ ለአርሰናል ተሰለፈ። ከሰፈር ክለብ እዚያ ድረስ መሄድ ይቻላል ማለት ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ሃይስኩል ከሚጫወቱ 100 ወንዶች ኮሌጅ ገብተው በኤንሲኤኤ የሚጫወቱት ወደ 6 ገደማ ናቸው፤ ዲቪዚዮን 1 የሚደርሱት ደግሞ ከ2 አይበልጡም። ዲቪዚዮን 3 ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ስለዚህ «ኮሌጅ በነጻ ይገባበታል» ተብሎ በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ሺህ ዶላር የሚወጣ ከሆነ፣ ያንን ብር ለኮሌጁ ራሱ ማስቀመጥ ሳይሻል አይቀርም። ልጁ ጨዋታውን ስለሚወድ፣ መፎካከር ስለሚያስደስተው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ስንት ነው? ማሊያ፣ ቶርናመንት፣ ሆቴል፣ ሁሉም ተደምሮ። ኢሜይሉ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

2. የገንዘብ ድጋፍ አላችሁ? ብዙ ክለቦች አላቸው፤ ግን ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ፣ ቀኑም ቶሎ ያልፋል። ወላጆቻችን እዚህ ጋ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ልመና እንዳልሆነ ንገሯቸው፤ ገንዘቡ ለዚሁ የተቀመጠ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ነጻ ምሳ የሚያገኝ ከሆነ ብዙ ቦታ ያ ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ያገለግላል።

3. በዚህ ዕድሜ አንድ ልጅ ቢያንስ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? መልሱ «እንደ ሁኔታው» ከሆነ ጠንከር አድርጋችሁ ጠይቁ።

4. መሃል ላይ ቢያቆም ወይም ቢጎዳ ብሩ ይመለሳል? ብዙ ውል ላይ የዓመቱ ክፍያ በሙሉ ይጠየቃል። ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ።

5. አሰልጣኞቹ የጀርባ ማጣሪያ አልፈዋል? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው ሆኖ ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ መገኘት የለበትም። ከ2018ቱ የሴፍስፖርት ሕግ ወዲህ ክለቦች በዚህ ላይ ግልጽ ደንብ ሊኖራቸው ይገባል።

6. የመጨረሻውን ጥያቄ ለልጁ አቅርቡ፦ «ምንድነው የምትፈልገው?» «ከጓደኞቼ ጋር መጫወት» ካለ ሬክ ነው። ከልምምድ መልስ ጓሮ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ኳስ ሲመታ የሚመሽበት ከሆነ፣ ትራይአውት ውሰዱት።

በመጨረሻም

በየዓመቱ ጁላይ ላይ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር፣ ከ1984 ጀምሮ፣ ከየከተማው የመጡ ቡድኖች ይገናኛሉ። ሜዳው ላይ ከምታዩዋቸው አብዛኞቹ በኳስ እንጀራ አልበሉም። ሥራ ውለው፣ ልጅ አሳድገው፣ ዛሬም ታኬታቸውን አስረው ይገባሉ። የልጅነት ፕሮግራም ትልቁ ውጤቱ ይኸው ነው፤ ልጁ 30 ዓመት ሲሞላውም ኳስ እንዲያምረው ማድረግ። ሬክም ይሁን ትራቭል፣ ያንን ፍቅር የሚያጠፋበት ከሆነ ተወደደም ረከሰም ከስሯል።

እናንተስ ሬክ ነው የተጫወታችሁት ወይስ ትራቭል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ኢሜይል ለወላጆቹ የሚያነብ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።