ደጋግሞ የሚበላሽ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፦ ከመቀየሩ በፊት መንስኤው ይፈለግ

በቶሮንቶ የብርድ ወራት አንድ ወገናችን ማንዋል መኪናውን እየነዳ፣ በሰሜን አሜሪካ እጅግ ከተጨናነቁት መንገዶች አንዱ ወደሆነው ወደ 401 አውራ ጎዳና ሲወጣ እናስብ። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ከካምቢዮው በኩል የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። መኪናውን ጋራዥ ያስገባል፤ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ድምፁም ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ዳግመኛ ይቀየራል፤ አሁንም ይመለሳል። ባለመኪናው «ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ «ችግሩ አነዳድህ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

የኩሽኔታው ዋጋ ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ እርሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ይህም የበርካታ ሰዓታት ሥራ በመሆኑ ከሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው የጉልበት ዋጋ ነው። ስለዚህ «ምን ተበላሸ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ለምን ተበላሸ?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ያንኑ ሒሳብ ደጋግሞ ይከፍላል።

የኩሽኔታው ሥራ ምንድን ነው? የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ አንድ ሹካ መሰል ብረት ኩሽኔታውን ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ይገፋዋል። ኩሽኔታውም ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው የግፊት ሳህን ላይ ያሉትን የስፕሪንግ ጣቶች ይጫናል። በዚህ ጊዜ ዲስኩ ይለቀቅና የሞተሩ ኃይል ከካምቢዮው ይቋረጣል። የማይሽከረከረው ሹካ የሚሽከረከረውን ሳህን መግፋት የሚችለው ኩሽኔታው በመካከላቸው ስላለ ነው።

የኩሽኔታ ዕድሜ በሚሸከመው ጫና ይወሰናል። ሉንድበርግ እና ፓልምግሬን የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ በኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫና በእጥፍ ሲያድግ ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በመሆኑም ጥቂት የሚመስል መዛባት ለዓመታት ሊያገለግል የሚገባውን ኩሽኔታ በወራት ሊጨርሰው ይችላል።

የምርመራው መጀመሪያ ጆሮ ነው። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ሞተሩ ይነሣ። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፅ ከመጣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ድምፁ ፔዳሉ ሳይረገጥ ተሰምቶ ሲረገጥ ከጠፋ፣ ችግሩ ምናልባት በካምቢዮው ውስጥ ባለው የዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ መቀየር የታመመውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን እንደመንቀል ይቆጠራል።

ጥፋቱ በእርግጥ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ከሆነና ከተደጋገመ፣ ሦስት ነገሮች ይመረመሩ።

የመጀመሪያው የፔዳሉ ነፃ እንቅስቃሴ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ፔዳሉ መጫን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ትክክለኛው ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል። ይህ ክፍተት ከጠፋ ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። ቁጥሩን እናስላ፦ በ2 ሰዓት ጉዞ ፔዳሉ በድምሩ ለ20 ደቂቃ ቢረገጥና ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር፣ ኩሽኔታው 20,000 ጊዜ ይዞራል። ክፍተቱ ጠፍቶ ሙሉውን 2 ሰዓት በአማካይ በደቂቃ 2,000 ዙር ቢሽከረከር ግን 240,000 ጊዜ፣ ማለትም 12 እጥፍ ይዞራል። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳትም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ኩሽኔታቸው ሁልጊዜ በቀላሉ እየነካ እንዲዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በእነዚህም ቢሆን የእግር ክብደት ጫናውን ይጨምራል።

ሁለተኛው መስመር መሳት ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን ልክ ለልክ የሚያገጣጥሙ ትንንሽ ፒኖች አሉ። ቀደም ባለ ጥገና ጠፍተው ወይም ተጎድተው ከሆነ ኩሽኔታው ከማዕከሉ ይወጣና ጫናው በአንድ ጎኑ ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው የጎረቤት ክፍሎች ድካም ነው። ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ ከተቦረቦረ፣ ሹካው ከጎበጠ፣ የስፕሪንግ ጣቶቹ ቁመት ከተበላለጠ፣ ወይም የፍሪሲዮን ፓምፑ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ የማይለቅ ከሆነ፣ አዲሱ ኩሽኔታ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል። የታሸገን ኩሽኔታ በቤንዚን ማጠብም ግራሶውን አሟጥጦ ያበላሸዋል።

አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው። በቶሮንቶ በረዶን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ብረትን ያዝጋል። የሹካው መሸፈኛ ጎማ ከተቀደደ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ገመድ ባላቸው መኪኖችም የዛገ ገመድ ፔዳሉ በሚገባ እንዳይመለስ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ደግሞ እንደ ሽሮ ሜዳ–እንጦጦ ባሉ አቀበቶች ላይ መኪናን በፍሬን ፋንታ በፍሪሲዮን አስደግፎ ማቆም ዲስኩን ያቃጥላል፤ ኩሽኔታውንም በጫና ሥር ያቆየዋል።

ስለዚህ ካምቢዮው ሲወርድ ባለመኪናው አሮጌውን ኩሽኔታ ለማየት ይጠይቅ። በሙቀት የጠቆረ ወይም የሰማያዊ ከሆነ ያለ ዕረፍት መሥራቱን ያመለክታል። በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ፣ ወይም በስፕሪንግ ጣቶቹ ላይ የቀረው የክብ ምልክት ከማዕከል ከወጣ፣ መስመር መሳቱ ይጠረጠራል። ውስጡ ከተፋቀ ቱቦው ይፈተሽ።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ኩሽኔታው ፈጽሞ ሲሰበር ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ማርሽ መቀየርም አይቻልም። ይህ በ401 መካከለኛ መስመር ላይ ቢደርስ አደጋው ለአሽከርካሪውም ለሌላውም ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የተሰማ ድምፅ እንግዲህ አዲስ ዕቃ ከማዘዝ በፊት ምርመራ ይሻል።