መርማሪውን ማን ይመርጠዋል?

በሸዋ ሮቢት ከተማ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፥ የይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ በሚጫንበት አንድ መደብር የንግድ ጸሐፊ ሆኜ መዝገብ እይዛለሁ። ባለፈው የሒሳብ ምርመራ ጊዜ ከገበሬ ማሳ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ አንድ መኪና ሙሉ ሽንኩርት ተገቢው የግዥ ማስረጃ ስላልተያዘለት ወጪው ተሰረዘብን፤ ጥፋቱም የእኔው ነበር። አሠሪዬ የተጨመረውን ግብር ከከፈሉ በኋላ፥ «እኛን መረመሩን፤ የከፈልነውን የሚያወጡትንስ ማን ይመረምራቸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን ፈልጎ ማቅረብ የጸሐፊ ግዴታ ሆነ።

በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ግዛት ይህን ሥራ የሚይዘውን ሰው ሕዝቡ ራሱ በየ4 ዓመቱ በቀጥታ ይመርጠዋል። ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቲሞቲ ዲፎር ለ2ኛ ጊዜ ተመርጠዋል። ተወዳዳሪው የፓርቲ ዕጩ ሆኖ ስለሚቀርብ ግን፥ የራሱን ወገን መዝገብ በምን ዓይን ያያል የሚለው ጥያቄ በዚያም አልቀረም።

በእኛ አገር ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋናውን ኦዲተር የመሾም ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 101፥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾም፥ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንም ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ደነገገ። የአማራ ክልልም የራሱ ዋና ኦዲተር አለው፤ የሚሾመውም የክልሉ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የቀወት መራጭ በካርዱ የሚመርጠው ተወካዩን እንጂ መርማሪውን አይደለም።

ለነጋዴ ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ውስጥ በወቅቱ ያልተወራረደ ሒሳብ፥ ሳይሰበሰብ የቀረ ገቢና ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪ በተለያዩ ዓመታት ደጋግመው ታይተዋል። ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪ! የእኛ ሽንኩርት በዚያው ቀን ተሰረዘ፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ጉድለት ግን ለከርሞም ይነበባል። የኦዲተሩ ሥራ መርምሮ ማስታወቅ ነው፤ ባለሥልጣኑን ፊት ለፊት አቁሞ ለመጠየቅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ነው። ተወካዩ ሪፖርቱን ሳያነብ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ፥ የመርማሪው ድካም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለአሠሪዬ ባነበብሁላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ዕጩ ተወዳዳሪ ድምፅ ሊጠይቅ ወደ መደብሩ በመጣ ጊዜ፥ የመንገዱን ነገር ከማንሳታቸው አስቀድሞ የኦዲተሩን ሪፖርት አንብቦ እንደሆነ እንደሚጠይቁት ነገሩኝ። እንዳይረሳም ጥያቄውን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንድጽፈው አዘዙኝ።