ለቀብሩ እንደርሳለን፣ በሩን ግን ማን ያንኳኳል?

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ይህን አባባል በሰርግና በለቅሶ ቤት ለወግ ያህል ስደጋግመው የኖርኩ ነኝ። እውነትነቱ የገባኝ ግን ዘግይቶ፣ ያውም ከአንድ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር መጽሐፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ቺካጎ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። በወሩ 13ኛ ቀን ሙቀቱ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። በየሰፈሩ መብራት ጠፋ። አስከሬን ማቆያው ሞልቶ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ደጁ ላይ ተደረደሩ። እኔ ከምኖርበት በታች ባለው ፎቅ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደረጃው ላይ ስንገናኝ እጃቸውን ያነሱልኛል፣ እኔም አነሳላቸዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ በሩን ሰብሮ አስከሬናቸውን አወጣ። በእነዚያ ቀናት በበራቸው ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ያኔ ግን «የፈረንጅ ኑሮ እንዲህ ነው፣ እኛ ዘንድ ቢሆን አይደርስም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በዚያ ሳምንት ቺካጎ ውስጥ ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው ቁጥር 739 ነበር። ከሟቾቹ መካከል ወገን ያልተገኘላቸው በአንድ ረጅም ጉድጓድ ተቀበሩ። የከተማዋ ተወላጅ ኤሪክ ክላይነንበርግ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው «ሂት ዌቭ» በተሰኘው መጽሐፍ ያነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ሙቀቱ በሁሉም ላይ ወርዶ ሳለ ለምን እነዚህ ሞቱ?

ክላይነንበርግ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አነጻጸረ። አንዱ ጥቁሮች የሚበዙበት ኖርዝ ላውንዴል፣ ሌላው ሜክሲኮዎች የሚበዙበት ሳውዝ ላውንዴል ነው። በሁለቱም ድሃና ብቸኛ የሆኑ አረጋውያን ብዛት ተቀራራቢ ነበር። የሞቱት ግን በመጀመሪያው ከ100,000 ሰው 40፣ በሁለተኛው 4 ናቸው። ኖርዝ ላውንዴል ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሱቁ ጠፍቶ፣ ነዋሪው ለቅቆ ስለነበር ሽማግሌው ወንጀል ፈርቶ በሩን ቆልፎ ተቀመጠ። በሳውዝ ላውንዴል ግን መንገዱ በሰውና በሱቅ የተሞላ በመሆኑ አረጋዊው ወጣ ይላል፣ የቀረውንም የሚጠይቅ አለ። ነገሩ የዘር እንዳይመስላችሁ፤ ጥቁሮች የሚኖሩበት ኦበርን ግሬሻም ከብዙ ባለጸጋ ሰፈሮች በተሻለ ተርፏል።

ሌላም ግኝት አለ። ብቻቸውን የሚኖሩት በብዛት ሴት አረጋውያን ሆነው ሳለ፣ ጠያቂ አጥተው በብዛት የሞቱት ወንዶች ነበሩ። እናቶች ከወዳጅ ዘመድ ጋር ክራቸውን አይበጥሱም። አባቶች ግን ሥራ ሲያቆሙ ወዳጅም አብሮ ይቀራል።

ውድ ወገኖቼ፣ ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የልጅ ልጅ እንዲያሳድጉ ከአገራቸው ያመጣናቸው ወላጆች፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከአራት ግድግዳ ጋር ይቀራሉ። ቋንቋ የለ፣ መኪና የለ። ሕክምናውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት አብዛኛው ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው የፌዴራሉን ሜዲኬይድ ለማግኘት 5 ዓመት መጠበቅ አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የእኛ ፖለቲካ ተጨመረ። ባለፈው ክረምት አንድ የታመሙ አባት ልጠይቅ ሄጄ፣ ለሃያ ዓመት ቡና አብረዋቸው ይጠጡ የነበሩት ወዳጃቸው የት እንዳሉ ጠየቅኋቸው። «እሱ እኮ አሁን ከእነዚያኞቹ ጋር ነው፤ ዕድሩ ከተከፈለ ወዲህ መጥቶ አያውቅም» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ለምን ቢሉ፣ ዕድሩ ለሁለት እንዲከፈል እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ! ያን ቀን መርህ ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር። የአንድ ሽማግሌን በር እየዘጋሁ መሆኔን አላስተዋልኩም።

እንግዲህ በፖለቲካ አንለያይ ማለቴ አይደለም፤ አንለያይ ብል የሚሰማኝም የለ። ግን ለመሆኑ ዕድር ለሞተ ብቻ ነው እንዴ? ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የምናዋጣ ሰዎች፣ በቁማቸው ላሉት በሳምንት አንድ ስልክ መደወል እንዴት ያቅተናል? እያንዳንዱ ዕድርና ኮሚኒቲ ብቻቸውን የሚውሉትን አዛውንት መዝግቦ ይያዝ። ሙቀቱ ወይም በረዶው ሲበረታ በራቸው ይንኳኳ። የሚያንኳኳውም የእነማን ወገን እንደሆኑ አይጠይቅ።

እኔ በበኩሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እኚያን አባት እጠይቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የቀድሞ ወዳጃቸውን ለምኜ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ተኮራረፉ፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ስለ ልጅነታቸው እየተጫወቱ እኔን ረሱኝ።

ቸር ይግጠመን።