ለጎረቤት አስቀድሞ ማስታወቅ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

ከነጋዴ ወጪዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው፥ ሥራ ሳይጀመር የሚከፈል ኪራይ ነው። ምግብ ቤት ወይም መጋዘን ለመክፈት ቤት የተከራየ ሰው፥ ዕቃውን አዝዞ ሠራተኛውን ቀጥሮ ሳለ ፈቃዱ የዘገየበት እንደ ሆነ ኪራዩ በየወሩ ይቈጠርበታል። ለመዘግየቱም አንዱ ምክንያት አስቀድሞ ያልተነገረው ጎረቤት የሚያቀርበው ተቃውሞ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው በሚሠሩባት በዋሽንግተን ከተማ ይህ ጉዳይ በደንብ ተወስኗል። በአንድ ቦታ ላይ ሊሠራ የታሰበው ነገር ከቦታው አጠቃቀም ደንብ ልዩ ፈቃድ የሚያሻው ከሆነ፥ አመልካቹ ጉዳዩን ለሚመለከተው ቦርድ ሲያቀርብ በ200 ጫማ (61 ሜትር ያህል) ርቀት ውስጥ የሚገኙትን ባለ ይዞታዎች ስምና አድራሻ አያይዞ ያቀርባል፤ ለእነርሱም ማስታወቂያ ይላክላቸዋል። ጉዳዩ ከመሰማቱም ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ በቦታው ላይ ለመንገደኛ የሚታይ ማስታወቂያ ይለጠፋል።

ከዚህም ሌላ ነዋሪዎች የሚመርጧቸው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። ኮሚሽኑ በጽሑፍ ለሚያቀርበው አሳብ ቦርዱ ታላቅ ክብደት እንዲሰጠው ሕግ ያዛል፤ ይኸውም የተነሣውን ቅሬታ አንድ በአንድ አይቶ ምክንያቱን በጽሑፍ መመለስ አለበት ማለት ነው። አመልካቹም ለኮሚሽኑና ለሰፈሩ ሰዎች አሳቡን ለማስረዳት ያደረገውን ጥረት በማመልከቻው ላይ እንዲገልጽ ይጠየቃል።

ሆኖም ማስታወቅና ማስፈቀድ አንድ አይደሉም። በሲያትል ከተማ የወጣ አንድ ደንብ፥ ለድኾች ሽማግሎች መጦሪያ ቤት ለመሥራት በ400 ጫማ ውስጥ ካሉት ባለ ይዞታዎች የ2/3ኛው የጽሑፍ ስምምነት እንዲገኝ ያስገድድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ውድቅ አደረገው፤ ጎረቤቶች ያለ አንዳች መመዘኛ፥ በራስ ወዳድነትም ቢሆን፥ የሌላውን ሰው መብት ሊከለክሉ አይገባም ሲል ፈረደ። እንግዲህ ጎረቤት የመስማትና የመናገር መብት አለው፤ ውሳኔው ግን የባለ ሥልጣኑ ነው።

በሀገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ሀብት በጎረቤቱ ላይ ሁከትና ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። በመልካም ጉርብትና ከሚታገሠው መጠን ያለፈ ጢስ፥ ጥላሸት፥ መጥፎ ሽታ፥ ድምፅና ንዝረት ተከልክሏል፤ ለዚህም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል። ቡና የሚቈላ፥ እህል የሚያስፈጭ ወይም ሌሊት ዕቃ የሚያራግፍ ነጋዴ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ ጥንቁቅ ነጋዴ የኪራይ ውል ከመፈረሙ አስቀድሞ ወደ ጎረቤቶቹ ቢሄድ ይበጀዋል። የሥራውን ዓይነት፥ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት፥ የጭነት መኪና የሚቆምበትን ስፍራ፥ የጢሱን መውጫና የቈሻሻውን ማስቀመጫ በፕላን ያሳይ። የተነጋገሩትንም ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ይያዝ፤ ግልባጩን ለጎረቤቱ ይስጥ። የጢስ መውጫን በወረቀት ላይ ማዛወር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ግን ትርፍን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ ይበላል።