የሊፍቱ ቁልፍ ማንን ይጠራል?

ባለፈው ጥር ወር፣ እኛን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማችን ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሊፍቱ በ6ኛውና በ7ኛው ፎቅ መካከል ቆመ። ስልኳ ኔትወርክ አልነበረውም፤ የብረት ሣጥን ውስጥ ሲግናል ብዙም አይገባም። የስልክ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትጫን አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ መለሰችላት። እናቴም «እህቴ፣ እባክሽ አስወጪኝ፣ እንግሊዝኛ አልችልም» አለቻት በአማርኛ። ሴትዮዋ ጥቂት ተናግራ መስመሩ ተዘጋ። ቴክኒሻኑ የደረሰው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም እንደማይመጣ አምና በሩን ስትደበድብ ቆየች።

የከነከነኝ፣ ጥሪው ደርሶ ሰውም ተልኮ እንደነበር ሳውቅ ነው። ያልደረሰው ለእሷ የሚነገረው ወሬ ብቻ ነበር።

በአሜሪካ የሊፍት ደህንነት ደንብ ኤ.ኤስ.ኤም.ኢ ኤ17.1 ይባላል። በደንቡ መሠረት ጥሪው መጀመሪያ ሕንፃው ውስጥ ወዳለ ሰው የሚሄድ ከሆነና በ45 ሴኮንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ በራሱ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር አለበት። ያ ቦታ ብዙ ጊዜ 911 ሳይሆን የሊፍት ጥሪዎችን የሚቀበል የግል ማዕከል ነው። መሣሪያው የሕንፃውን አድራሻና የሊፍቱን ቁጥር ለተቀባዩ ማሳወቅ ስላለበት፣ ውስጥ ያለው ሰው አንድም ቃል ባይናገር የት እንዳለ ይታወቃል። ከቁልፉ አጠገብም ጥሪው መመለሱን የምታሳይ መብራት አለች። ያን ቀን በርታ ነበር፤ እናቴ ግን ምን እንደሆነች አላወቀችም።

መብራት ሲጠፋም መገናኛው ቢያንስ ለ4 ሰዓት መሥራት ይጠበቅበታል። የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር ኃይሉን ከስልክ ማዕከሉ ይዞ ስለሚመጣ ይህ ብዙም አያሳስብም ነበር። አሁን መዳቡ እየቀረ ሕንፃዎች ወደ ሞባይል ኔትወርክ ሲዞሩ፣ ነገሩ የአንዲት ትንሽ ሣጥን ባትሪ ጉዳይ ሆኗል። ባትሪው ካረጀ ቁልፉ ጌጥ ነው።

ለእኔ የሚያጓጓው ግን በቅርብ የመጣው ለውጥ ነው። የ2019ኙ እትም መስማት ወይም መናገር ለተሳናቸው ሰዎች ሲል ሊፍቱ ውስጥ የጽሑፍና የቪዲዮ መገናኛ እንዲኖር ይጠይቃል። ኦፕሬተሩ ሊፍቱን በካሜራ ያያል፣ መልእክቱ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ተሳፋሪው «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ቁልፍ ይጫናል። ግዛቶች ደንቡን የሚቀበሉት በየራሳቸው ጊዜ ስለሆነና የቆዩ ሊፍቶች ብዙውን ጊዜ በተሠሩበት ዘመን ደንብ ስለሚዳኙ፣ የእኛ ሕንፃ ይህ የለውም።

ያ ስክሪን ለእናቴም ይሆን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ነጻ ፎንቶችም አሉ። አምራቹ ፎንቱን ካልጫነ ግን የሚታየው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። የማሽን ትርጉምም አያስፈልግም፤ ሰው አስቀድሞ የተረጎማቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። እኔ ለሙከራ ስምንት ጻፍኩ። «ጉዳት ደርሶብሃል» ልበል «ደርሶብሽ» ብዬ ስጨነቅ፣ አክብሮት ገላገለኝ፦ «ጉዳት ደርሶብዎታል?» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሌላው ወጥመድ አሉታዊ ጥያቄ ነው። «አልተጎዱም?» ለሚል ሰው እኛ «አዎ፣ አልተጎዳሁም» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ኦፕሬተር ግን «አዎ»ን ብቻ አይቶ አምቡላንስ ይልካል።

እስከዚያው ግን እናቴ ከመመለሷ በፊት ከሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ጋር ተነጋግረን ቁልፉን አብረን ሞከርነው። እናንተም ስትሞክሩ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ መስመሩ ሲነሳም ሙከራ መሆኑን ተናገሩና የሚያዩትን አድራሻ እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። ለወላጆቻችሁ መብራቷን አሳዩአቸው፤ «አምሃሪክ፣ ኢንተርፕሪተር» የሚሉትን ሁለት ቃላትም አስጠኗቸው። 911 ላይ በስልክ አስተርጓሚ ማስገባት የተለመደ ነው፤ የግል ማዕከሉ ይህ እንዳለው ግን ሥራ አስኪያጁን ጠይቁት። በእኛ ሙከራ የተነበበልን አድራሻ ልክ ነበር። የሊፍቱ ቁጥር ግን የጎረቤቱ ሊፍት ነበር፤ በሳምንቱ አስተካከሉት።